ባዕድ አቶሞች በመግነጢስ አጥር ውስጥ፦ ከፕሪንስተን ምድጃ እስከ ኢትዮጵያ ሰማይ

(በዳንግላ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ለድረ ገጽ በጽሑፍ የተዘጋጀ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ ታሪክ ነው። የነገሥታት ወይም የዘመቻ ታሪክ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ ታሪክ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በመግነጢሳዊ መስክ ታጥሮ በተያዘ ፕላዝማ ውስጥ ባዕድ አቶም ሲገባ ወዴት ይሄዳል? ወደ መሀል ይሰበሰባል ወይስ ወደ ዳር ይገፋል? ከዚህ ጎን ለጎን ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ቶካማክ በሌለበት አገር የፕላዝማ ፊዚክስ መማር ምን ይረባናል?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ ከመመለስ ይልቅ የመጀመሪያውን ታሪክ መተረክ እመርጣለሁ፤ ታሪኩ ሲሄድ ሲሄድ ከዳንግላ በላይ ወዳለው ሰማይ ይመጣልና።

ፕላዝማ ማለት አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን የጣሉበት ጋዝ ነው። ለኑክሌር ውሕደት የሚፈለገው ነዳጅ ዴዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉት ሁለት ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ናቸው። እነዚህ ተዋሕደው ኃይል እንዲሰጡ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጋል አለባቸው። ይህን ግለት የሚችል ዕቃ የለም። ስለዚህ ፕላዝማው ግድግዳ ሳይነካ በመግነጢሳዊ መስክ ተይዞ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት የመስኩን መስመር እየዞረ ይጓዛል እንጂ መስመሩን በቀላሉ አያቋርጥም፤ ቀለበት በሚመስለው ቶካማክ ውስጥም መስመሮቹ መልሰው መላልሰው ያዞሩታል። ሆኖም አጥሩ ፍጹም አይደለም። ያመለጡ ቅንጣቶች ግድግዳውን ይመታሉ፣ የግድግዳውንም አቶሞች ፈንቅለው ያወጣሉ። እንግዲህ ባዕዱ ከውጭ የመጣ ወራሪ ሳይሆን ምድጃው ራሱ የሚወልደው ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ሃይድሮጅን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ነው፤ ሲግል እርሱን ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ የሚያባክነው ብርሃን ጥቂት ነው። ተንግስተን ግን 74 ኤሌክትሮኖች አሉት። በ100 ሚሊዮን ዲግሪ እንኳ ሁሉንም አይጥልም። የቀሩት ኤሌክትሮኖች በግጭት ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይዘላሉ፤ ሲመለሱም የተቀበሉትን ኃይል በራጅ ጨረር መልክ ይለቁታል፤ ጨረርን ደግሞ የመግነጢስ አጥር አያግደውም። ከ10,000 የነዳጅ አዮኖች መካከል አንድ ወይም ሁለት ተንግስተን ቢገኝ ምድጃው በራሱ ኃይል መንደድ ያቅተዋል። ጤፍ ውስጥ የገባ አሸዋ ጥርስ ሲሰብር ያየ ሰው የመጠኑን ነገር ይረዳዋል።

ሊቃውንቱ ይህን ቀድመው አስበውበታል። ላይማን ስፒትዘር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፕሪንስተን ስቴላሬተር የተባለውን መሣሪያ ሲነድፍ ዳይቨርተር የሚባል ክፍል አክሎበታል፤ በዳር ያሉትን የመስክ መስመሮች ወደ ሌላ ጓዳ አዙሮ ቆሻሻውን እዚያ ለማራገፍ። በ1961 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ብራያን ቴይለር ነገሩን በስሌት አሳየ። ሃይድሮጅንና ባዕድ አዮን ሲጋጩ ሰበቃ ይፈጠራል፤ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሰበቃው ቅንጣቶቹን ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ ውጤቱም ሃይድሮጅኑ ወደ ውጭ ሲወጣ ባዕዱ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ስሌቱ የሚያደርሰው ድምዳሜ ያስፈራል። የሃይድሮጅኑ እፍግታ በመሀል ከዳር 2 እጥፍ ቢሆን፣ 6 ሙል ያለው ካርቦን 2 በራሱ 6 ጊዜ ተባዝቶ 64 እጥፍ መሀል ላይ ይከማቻል። 40 ሙል ያለው ተንግስተን በዚሁ ስሌት ከአንድ ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ይደርሳል። ይህ እርግጥ የወረቀት ወሰን ነው፤ ማንም አልለካውም። ሆኖም አቅጣጫው ግልጽ ነበር፦ ምድጃው ባዕዱን ራሱ ወልዶ ራሱ ወደ ልቡ ይስበዋል።

በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ግን አንድ የተስፋ መስመር ነበረ። የእፍግታው ልይይት ባዕዱን ወደ መሀል ሲስብ፣ የሙቀቱ ልይይት ሊገፋው ይችላል። መሀሉ በበቂ መጠን የጋለ፣ እፍግታው ግን ለጥ ያለ ከሆነ ባዕዱ ወደ ዳር ይመለሳል። ይህን የሙቀት ከለላ እንበለው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሶቪየቶች በ1968 በኖቮሲቢርስክ ጉባኤ ላይ የቲ-3 ቶካማክን ውጤት ካቀረቡ፣ በማግስቱም ዓመት የእንግሊዝ ቡድን ሞስኮ ድረስ ሌዘር ይዞ ሄዶ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መሆኑን ከለካ በኋላ፣ ዓለም ሁሉ ወደ ቶካማክ ዞረ። በኦክ ሪጅ ኦርማክ የተባለው መሣሪያ የውስጥ ልባሱ በወርቅ የተለበጠ ነበር። ፕሪንስተን ደግሞ በ1975 መጨረሻ ፒኤልቲ የተባለውን ትልቅ ቶካማክ ሥራ አስጀመረ። ፕላዝማውን በዳር የሚገድበው ብረት ተንግስተን ነበር፤ 3,400 ዲግሪ ሳይደርስ የማይቀልጥ ብረት ስለሆነ ምርጫው ብልህነት ይመስል ነበር። ሲለካ ግን የተገኘው እንግዳ ነገር ነው፦ የፕላዝማው መሀል ከዙሪያው ይልቅ የቀዘቀዘበት ጊዜ ነበር። እሳት መሀሉ በርዶ ጠርዙ ሲግል እስቲ አስቡት። ተንግስተኑ መሀል ላይ ተከማችቶ ኃይሉን በጨረር እያባከነ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ተንግስተኑን አውጥተው በግራፋይት፣ ማለትም በካርቦን፣ ተኩት። የአዊ ሕዝብ በተለይም የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከዲከረንስ ዛፍ ከሰል እያወጣ ለገበያ ያቀርባልና ካርቦን እሳትን እንዴት እንደሚችል እኔ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ካርቦን አይቀልጥም፤ 6 ኤሌክትሮኖች ብቻ ስላሉት መሀል ቢደርስም ሁሉንም ጥሎ ዝም ይላል። በ1978 በጋ ፒኤልቲ 60 ሚሊዮን ዲግሪ ደረሰ። ጋዜጦች ስለ ግለቱ ጻፉ። እኔ ግን በዚያ ዓመት ከተገኘው ውስጥ ትልቁ ነገር የአንድ ቁሳቁስ መለወጥ ይመስለኛል።

ቁሳቁስ መለወጥ ግን ጥያቄውን ማለፍ እንጂ መመለስ አይደለም። ባዕዱ እንዴት ይጓዛል? ይህን ለማወቅ ከግድግዳው እየተፈነቀለ በዘፈቀደ የሚገባውን ባዕድ መከታተል አያዋጣም፤ መቼ እንደገባ፣ ስንት እንደገባ አይታወቅምና። በ1975 ፕሪንስተን ውስጥ ማርማር፣ ቼቺና ኮኸን ቀላልና ድንቅ መንገድ አገኙ። በብርጭቆ ላይ ስስ የብረት ሽፋን ይቀባል፤ ከጀርባው የሌዘር ብልጭታ ይላክበታል፤ ሽፋኑ ተንኖ ወደ ፕላዝማው ይበራል። የገባበት ቅጽበት ይታወቃል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፕላዝማውን አያውክም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የብርሃኑን ኅብር መከታተል ብቻ ነው፤ አንድ አዮን ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ በጣለ ቁጥር የሚያወጣው ብርሃን ይለወጣልና ከዳር እስከ መሀል ያደረገውን ጉዞ ራሱ ይናገራል። ለተማሪዎቼ ይህን ሁልጊዜ የማወሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘዴው ዛሬ በጀርመን ቬንደልስታይን 7-ኤክስ በተባለው ግዙፍ ስቴላሬተር ላይ ሳይቀር ያገለግላል፣ መነሻው ግን ብርጭቆ፣ ስስ ብረትና ብልጭታ ነበር።

ማርማር ወደ ማሳቹሴትስ ተዛውሮ ከባልደረቦቹ ከራይስና ከአለን ጋር በ1980 የአልካቶር ቶካማክን ውጤት አሳተመ። የገባው ባዕድ መሀል ደረሰ፤ ነገር ግን አልተከማቸም፣ በጊዜው ተመልሶ ወጣ። በግጭት ላይ የተመሠረተው ስሌት ከሚለው እጅግ ፈጥኖ። ፕላዝማው በጥቃቅን ሁከቶች እየተናጠ ነበርና ሁከቱ ባዕዱን በተነው። እዚህ ላይ እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ተገልብጦ ይገኛል፤ ወተት ሲናጥ ቅቤው ይሰበሰባል፣ ፕላዝማ ሲናጥ ግን ባዕዱ ይበተናል።

ታዲያ ሁከት ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ? በ1982 በጀርመን አስዴክስ ቶካማክ ላይ ፍሪትስ ቫግነር በዳር ያለው ሁከት በድንገት የሚረግብበትን ሁኔታ አገኘ። የፕላዝማው ሙቀት የመያዝ አቅም በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ሁሉም ተደሰተ። ይሁን እንጂ ሁከት ሲረግብ ባዕዱን የሚበትነው እጅም ይረግባል፤ የቴይለር አሮጌ ስሌት ከተኛበት ይነሣል። ሙቀቱን በደንብ የያዘ ምድጃ ቆሻሻውንም በደንብ ይይዛል። የመስኩ ታሪክ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የዚህ ክርክር ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኋለኛውን ዘመን ባጭሩ ልለፈው። ካርቦን የራሱ ጣጣ ነበረበት፦ ትሪቲየምን እየመጠጠ ያስቀራል። ውድና ጨረር አመንጪ የሆነ ነዳጅ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር ሒሳቡም ደኅንነቱም ይናጋል። ስለዚህ ፒኤልቲ ያባረረው ተንግስተን ተመለሰ። አስዴክስ አፕግሬድ ግድግዳውን ደረጃ በደረጃ ለውጦ በ2007 ሙሉ በሙሉ ተንግስተን አደረገው፤ በእንግሊዝ አገር የነበረው ጄት በ2011 ከቤሪሊየምና ከተንግስተን በተሠራ ግድግዳ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ተንግስተኑ መሀል እየተከማቸ ብዙ ሙከራ አበላሸ። መፍትሔው የተገኘው መሀሉን በሬዲዮ ሞገድ በማጋልና ዳሩ ላይ የሙቀቱን ልይይት በማሾል ነው። ያ የወረቀት ላይ ተስፋ፣ የሙቀት ከለላው፣ በጄት ፕላዝማ ዳር ላይ በእርግጥ ታየ። ጄት በታኅሣሥ 2021 ላይ 59፣ በጥቅምት 2023 ደግሞ 69 ሜጋጁል የውሕደት ኃይል ያወጣው በዚሁ የብረት ግድግዳ ነው። በፈረንሳይ የሚገነባው ኢተርም በ2023 የቤሪሊየም ዕቅዱን ትቶ የፕላዝማ ትይዩ ግድግዳውን ተንግስተን ለማድረግ ወስኗል። በቢሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ የተመደበበት ውሳኔ የተንጠለጠለው ታዲያ በዚያ በድሮ ጥያቄ ላይ ነው፦ ባዕዱ ወደ መሀል ይሄዳል ወይስ ወደ ዳር?

አሁን ከምድጃው ወጥተን ቀና እንበል።

ከ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ የፀሐይ ብርሃን የአየሩን አቶሞች ኤሌክትሮን እያስጣለ ፕላዝማ ያደርጋቸዋል፤ አዮኖስፌር የምንለው ይህ ነው። የሚያጥረውም የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ነው። የእኛ አገር ልዩ ዕድል አላት፦ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከመስመሩ አጠገብ ናት፣ ዳንግላም ብዙ አትርቅም። በመሀሏ የተንጠለጠለች የመግነጢስ መርፌ ለንደን ላይ አፍጥጣ ወደ መሬት ታዘቀዝቃለች፤ ዳንግላ ላይ ግን አግድም ልትባል ምንም አይቀራት። በላያችን ያሉት የመስክ መስመሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድመው የሚያልፉ ናቸው።

በዚህ ፕላዝማ ውስጥ ባዕድ አለ ወይ? አለ፤ ተወርዋሪ ኮከቦች ያመጡታል። ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲቃጠሉ ብረት፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም ይተዋሉ። በ1960ዎቹ በሮኬት የተላኩ መሣሪያዎች የእነዚህን አዮኖች መኖር አረጋግጠዋል። የአየሩ የራሱ ሞለኪዩላዊ አዮኖች ኤሌክትሮን ሲያገኙ ተሰንጥቀው ፈጥነው ይጠፋሉ፤ የብረት አዮን ግን ኤሌክትሮኑን ለመቀበል ብርሃን ማውጣት አለበት፣ ይህም እጅግ የዘገየ ሂደት ስለሆነ ዕድሜው ረጅም ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ባዕድ ደግሞ እንደ ሌዘሩ ብናኝ ነው፤ ፕላዝማው ወዴት እንደሚጓዝ ይናገራል።

በ1970 ሃንሰንና ሳናታኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ኦጎ-6 ከተባለችው ሳተላይት ያገኙትን መረጃ አሳተሙ። ተወርዋሪ ኮከቦች ከሚቃጠሉበት ንብርብር በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ከፍ ብሎ የብረት አዮን ተገኘ። ብረት ከባድ ነው፤ ማን አወጣው? መልሱ የኤሌክትሪክ መስክ ነው። በቀን ሰዓት በምድር ወገብ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚያመለክት ኤሌክትሪካዊ መስክ አለ፤ እርሱ ከአግድሙ መግነጢሳዊ መስክ ጋር ሲጣመር ፕላዝማውን ነዳጅና ባዕድ ሳይለይ ወደ ላይ ያነሣዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ወይም 30 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ያለው ፕላዝማ በመስመሮቹ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ምንጭ እንደሚፈነጥቅ ውኃ።

እዚህ ላይ ታሪካችን አዲስ አበባ ይገባል። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በ1957 ሲጀመር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። የመሠረተው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ነበር። ብዙዎቻችሁ በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ላይ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታውቁት ይሆናል፤ ለእኔ ግን የበለጠ የሚደንቀኝ በ1962 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። በምድር ወገብ ላይ በቀትር ገደማ በ105 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ መሬት ላይ ያለው መለኪያም በየቀኑ ይህን ከፍ ሲል ይመዘግባል። ጉዋን የአዲስ አበባን መዝገብ ሲያገላብጥ በአንዳንድ ቀናት መስመሩ ከፍ በማለት ፈንታ ከሌሊቱ ደረጃ በታች መውረዱን አስተዋለ። ጅረቱ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይፈስ ነበር። በ1967 ከፈረንሳዊው ማዮ ጋር ሆኖ «ተቃራኒ ኤሌክትሮጀት» የሚለውን ስም አቀረቡለት። ዛሬ በፔሩም በሕንድም የሚጠናው ይህ ክስተት መጀመሪያ የታወቀው በአዲስ አበባ ወረቀት ላይ ነው። ይህ ነገር በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ አለመገኘቱ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

ጅረቱ ሲገለበጥ መስኩም ይገለበጣል፤ መስኩ ሲገለበጥ ፕላዝማው ከመነሣት ይልቅ ይወርዳል። ስለዚህ የጉዋን መዝገብ የባዕዱን አቅጣጫ መለወጫ መዝገብም ነው። ከ2008 ወዲህ በውጭ አገር የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው የሚመራው አምበር የተባለው መረብ በአፍሪካ መግነጢስ መለኪያዎችን ተክሏል፤ አንዱ አዲግራት ላይ ነው። ዘዴው ከአልካቶሩ ሌዘር ጋር አንድ መንፈስ አለው። አዲስ አበባ ከጅረቱ ሥር ናት፣ አዲግራት ከጅረቱ ውጭ፤ የሁለቱ ልዩነት ሲወሰድ ለሁለቱም የጋራ የሆነው ሁሉ ይሰረዝና የጅረቱ ድርሻ ብቻ ይቀራል፤ ከእርሱም ፕላዝማው በላያችን በምን ፍጥነት እንደሚነሣ ይሰላል።

ማነጻጸሩን ከልኩ አላሳልፍም። የሰማዩ ፕላዝማ ከምድጃው ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው፣ ሺህ ዲግሪ ገደማ። ጅረቱ ባለበት ንብርብር አዮኖቹ ከአየሩ ጋር እየተጋጩ የመግነጢሱን አጥር አይታዘዙም፤ የሚታዘዙት ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ናቸው፣ ጅረቱም የሚወለደው ከዚሁ ልዩነት ነው። በቶካማክ ባዕዱን የሚያንቀሳቅሱት ሰበቃና ሁከት ሲሆኑ እዚህ ዋናው ኤሌክትሪካዊ መስኩ ነው። ያም ሆኖ በስቴላሬተሮች ውስጥ ኤሌክትሪካዊ መስክ የባዕዱን ዕጣ ይወስናል፤ በጃፓን ኤልኤችዲ በተባለው መሣሪያ ውስጥ መስኩ ወደ ውስጥ እየሳበው ካርቦኑ ከመሀል ወጥቶ መሀሉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የንድፈ ሐሳብ ሰዎችን ለዓመታት አነጋግሯል። ሁለቱን መስኮች የሚያስተሳስረው የጋራ መሣሪያ ሳይሆን የጋራ ጥያቄ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በደቡብ ሕንድ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ባለችው በቱምባ፣ ተቃራኒው ጅረት በሚታይባቸው ከሰዓት በኋላዎች የብረት አዮኖች በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ስስ ንብርብር ተሰብስበው የሬዲዮ ሞገድን ሲጋርዱ ተመዝግቧል። በተራው ቀን መስኩ የሚበትናቸው አዮኖች መስኩ ሲገለበጥ በነፋስ ግፊት ይከማቻሉ፤ ልክ ሁከቱ እንደረገበለት ተንግስተን። የአዲስ አበባ መዝገብ ከ1958 ጀምሮ አለ፤ ስድስት የፀሐይ ዑደቶችን ይሸፍናል። ከዚያ ውስጥ ተቃራኒ ጅረት የታየባቸውን ቀናት ለቅሞ ከወራቱና ከተወርዋሪ ኮከብ ዝናም ወቅቶች ጋር ማስተያየት ትዕግሥትና አንድ ኮምፒውተር ይጠይቃል። መጀመር የሚፈልግ ሰው ከገለጻው በኋላ ያነጋግረኝ፤ ከታኅሣሥ ወር እንዲነሣ እመክራለሁ፣ የጌሚኒድ ዝናም የሚወርደው ያኔ ነውና።